ማራኪ፦ በጠዋት የሚጮህ ቅጠል የሚነፋ ማሽን፣ ሕግ አለው ወይስ ዝም ብለን ነው የምንችለው?

የማራኪዋ፦

ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም ጎረቤት ነው ነገም አብረን ነው የምንኖረው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣር አለው፣ ሁለት ትልልቅ ጃካራንዳ አለው፣ አጥሩን ይዞ ደግሞ ጽድ ተተክሏል። እስከ አምና ድረስ ሁለት ሴቶች ነበሩ የሚጠርጉት፣ ውሃ አርከፍክፈው ቀስ እያሉ ሲጠርጉ ድምፁ እንኳን ሊረብሸኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ግን በጀርባ የሚታዘል በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል የሚነፋ ማሽን አመጡ፣ ብሎወር ነው የሚሉት። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጁ ገመዱን ሲስበው አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ አንዴ ይስባል፣ ሁለቴ ይስባል፣ ሦስተኛው ላይ ይነሳል፣ ከዛማ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ እያለ ነው፣ አንድ ወጥ ቢሆን እንኳ ጆሮ ይለምደው ነበር።

እህቴ አራስ ናት፣ እኛ ቤት ነው የምትታረሰው፣ ሕፃኑ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድርና ልክ ወደ 11 ሰዓት ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስደው፣ እሷም ያኔ ነው ጋደም የምትለው። ማሽኑ ሲነሳ ሕፃኑ ሁለት እጁን ብትን አድርጎ ጣቶቹን ዘርግቶ ነው የሚደነግጠው፣ ከዛ እሪታ ነው። እናቴ መስኮቱን በጋቢ ሸፈነችው ምንም አልለወጠም፣ ድምፁ በመስኮት ብቻ አይደለማ የሚገባው በግድግዳውም በጣሪያውም ነው፣ የመስኮቱ መስታወት ራሱ እምምም ይላል እጅ ሲያስነኩት ይታወቃል። አቧራውስ፣ ባለፈው እሁድ እናቴ ረከቦቱን በረንዳ ላይ አሰናድታ ሲኒዎቹን አጥባ ደርድራ ቡናውን ልታመጣ ገብታ ስትወጣ ሲኒዎቹ ውስጥ ቀይ አፈር ተነጥፎ ነበር። ምንም ሳትናገር ሁሉንም እንደገና ወስዳ አጠበቻቸው።

አባቴ በትህትና ሄዶ አነጋገራቸው። ኃላፊው እንግዶች ቁርስ ሳይቀርቡ ግቢው መጽዳት አለበት ጥምቀትም እየደረሰ ነው አለ፣ ከዛ ደግሞ "የሚከለክል ሕግ ካለ አሳዩንና እናቆማለን" አለው። አባቴ መልስ አጥቶ ተመለሰ። እኔ እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው፣ በእኛ አገር የሚከለክል ነገር አለ? ውጭ ያላችሁስ እዛ ከተሞቹ ይሄን ነገር እንዴት አድርገው ነው የያዙት? ጠቅላላ ይታገድ ነው የሚባለው ወይስ ሰዓት ይወሰንለት ነው? የምትሉኝን ይዤ ቀበሌ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ባዶ እጄን ግን መሄድ አልፈልግም።

ጎንደሬው ከሜሪላንድ፦

እታለም እንኳን ማርያም ማረቻት ለእህትሽ። ይሄን ጥያቄ እኔ ካልመለስኩት ማን ሊመልሰው ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም እዚህ እንደመጣሁ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ማሽን ተሸክሜ ነው እንጀራ የበላሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የግቢ ጽዳትና የአትክልት ሥራ ነበር፣ በመጸው ቅጠል ሲረግፍ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ጀርባዬ ላይ ነው። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ስትጠራኝ አልሰማም፣ ጆሮዬ ውስጥ ጭጭጭ የሚል ድምፅ ነበር፣ እስከ ዛሬም ጸጥ ያለ ቦታ ስሆን ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የምለምንሽ ልጁን እንዳትጠሉት ነው፣ ከእናንተ ሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ የሚለው በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ነው) ነው ጣሪያው፣ ከዛ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት ማለት ነው። የቤንዚኑ ብሎወር ደግሞ በተሸካሚው ጆሮ አጠገብ ከ90 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ልጁ ጆሮው ላይ የሚያደርገው ነገር አለው?

ግድግዳ አልፎ ይገባል ያልሽው ትክክል ነው። የቤንዚን ሞተር ወፍራም ድምፅ አለው፣ ቀጭን ድምፅ ግድግዳና ዛፍ ይይዘዋል፣ ወፍራሙ ግን አልፎ ይሄዳል ርቆም ይሰማል። በባትሪ የሚሠራውም ዝም አይልም፣ ግን ድምፁ ወደ ቀጭን ስለሚያደላ ቶሎ ይሞታል። ሌላው ጭሱ ነው። አብዛኛው ቱ ስትሮክ የሚባለው ነው፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በጥብጠሽ ነው የምትሞይው፣ ከሚገባው ነዳጅ ውስጥ ሳይቃጠል የሚወጣው ቀላል አይደለም። የካሊፎርኒያ የአየር መሥሪያ ቤት እንዳሰላው አንዱን ትልቅ ብሎወር ለአንድ ሰዓት ማስነሳት ጭጋግ የሚፈጥሩትን ጋዞች በተመለከተ ካምሪ መኪና 1,100 ማይል እንደመንዳት ነው፣ ይሄ ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይበልጣል። ያ ጭስ አራስ ቤት ነው የሚገባው እንግዲህ።

ከተሞቹ ምን አደረጉ ላልሽው፣ ሦስት ዓይነት መንገድ ነው ያየሁት። አንዱ በዴሲቤል መወሰን ነው፣ ብዙ ከተማ ማሽኑ በ15 ሜትር ርቀት ከ65 ዴሲቤል አይለፍ ብሎ ጽፏል። በወረቀት ያምራል፣ ግን ፖሊሱ መለኪያ ይዞ ማሽኑ እየጮኸ ባለበት ሰዓት መድረስ አለበት፣ ሲደርስ ሥራው አልቋል፣ ማን ይለካል። ሁለተኛው በሰዓት ነው፣ ከዚህ ሰዓት በፊት ከዚህ በኋላ አይነሳም፣ እሁድ አይነሳም። ይሄ የሚረዳ ነው ምክንያቱም ሰዓት ሁሉም ሰው አለው። ሦስተኛው በማሽኑ ዓይነት ነው፣ ቤንዚን ከሆነ በቃ አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2018 ሕግ አወጣና ለመለወጫ ጊዜ ሰጥታ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የቤንዚኑን ብሎወር መሸጥም መጠቀምም ከለከለች፣ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው፣ ጎረቤት ራሱ መጠቆም ይችላል። እኛ ያለንበት የሞንጎመሪ ካውንቲም ከጁላይ 2024 ሽያጩን ከጁላይ 2025 ደግሞ መጠቀሙን ከለከለ። እኔ ልዩነቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው፣ ቤንዚን ነው ወይስ ባትሪ የሚለውን ማንም በዓይኑ ያያል በጆሮውም ያውቃል፣ መለኪያ አያስፈልግም፣ ክርክር የለውም።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ካርሜል የምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ በ1975 ነው የከለከለችው። ሎስ አንጀለስ ግን ልብ በሉልኝ፣ በ1998 ከመኖሪያ ቤት 500 ጫማ ማለትም 150 ሜትር ውስጥ የቤንዚኑን ከለከለች፣ አትክልተኞቹ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ድሆች ነበሩና እንጀራችን ተነካ ብለው ከተማው አዳራሽ ደጃፍ የረሃብ አድማ መቱ። ሕጉ ዛሬም አለ፣ ማሽኑም ዛሬ ድረስ ይጮሃል። ሕጉ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሸክሙ ያረፈው ባለቤቱ ላይ ሳይሆን ተሸካሚው ላይ ስለነበረ ነው፣ የሚተካበትም ነገር አልተሰጠውም። ኋላ ላይ ካሊፎርኒያ አዲስ የቤንዚን ብሎወር እንዳይሸጥ ስትከለክል ትንንሾቹ ድርጅቶች ማሽን እንዲቀይሩ 30 ሚሊዮን ዶላር መድባለች። እናንተም የምትጠይቁት ነገር ባለቤቱን የሚመለከት ይሁን።

ቀበሌ 18፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። በዚች ከተማ ስንት ጩኸት እያለ ነው ስለ ቅጠል ማሽን የምንሰበሰበው? መብራት ሲጠፋ ፒያሳ ላይ በየሱቁ በር ጀነሬተር ነው፣ በእግር መንገዱ ማለፍ አይቻልም። የሠርግ ድንኳን ሞንታርቦ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ባጃጁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ብረታ ብረት ቤቱ ሁሉ አለ። እኔ ከብረታ ብረት ቤት ጎን ነው ያደግኩት። ጎንደር ደግሞ ቱሪስት ካልመጣ ሰው አይበላም፣ ያለፉትን ዓመታት ሁላችሁም ታውቃላችሁ ሆቴሉ ሁሉ ባዶውን ነበር፣ አሁን ገና ትንሽ ሰው መምጣት ሲጀምር ግቢያችሁን አታጽዱ ማለት ከበደኝ። እህታችንን እግዚአብሔር ያበርታት፣ ግን አርባ ቀን ቶሎ ያልፋል።

የማራኪዋ፦

ወንድሜ ያልከውን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ እኛም የምንኖረው ከቱሪስት ነው፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፋሲል ግቢ አካባቢ ነው የሠራው። ግን ጀነሬተር የሚነሳው መብራት ሲጠፋ ነው፣ ሱቁ ሥጋው እንዳይበላሽበት ነው፣ ወፍጮውም ዱቄታችንን ነው የሚፈጭልን። ይሄኛው ግን በመጥረጊያ ሲሠራ የኖረ ሥራ ነው። ያኔ ግቢው ቆሻሻ አልነበረም፣ እንግዳም አልቀረም። ግቢያችሁን አታጽዱ ያልኩበት ቦታ የለም። አርባ ቀን ያልፋል ላልከው ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪ አለ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት 1 ሰዓት ሲገባ ያንን ነው የሚያገኘው፣ ለእሱ አርባ ቀን የለውም።

ሜሪላንድ ያለኸው ወንድማለም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ልጁ የጠየቅከውን ዛሬ ሆን ብዬ በአጥሩ አየሁት፣ ጆሮው ላይ ምንም የለም፣ አፉን በሻሽ ነገር አስሯል ለአቧራው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ማሽኑን አጥፍቶ ካስቀመጠ በኋላ አንዷ ሠራተኛ ከኋላው ሦስት ጊዜ ጠራችው አልዞረም፣ መጥታ ትከሻውን ስትነካው ነው የዞረው። ዕድሜው ሃያም የሞላው አይመስለኝም። እስካሁን ስናደድበት ነበር፣ ከዛ ወዲህ አልቻልኩም።

የአዘዞው ጠበቃ፦

ሰላም። ኃላፊው ሕግ ካለ አሳዩን ማለቱ ጥሩ ነው፣ ሕጉ አለና። በቀላሉ ላስረዳ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፣ መነሻው እሱ ነው። ወደ ጎረቤት ጉዳይ ስንመጣ ግን በጣም የሚጠቅማችሁ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ አንቀጽ 1225። የሚለው ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ የለበትም፣ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ መጠን ማድረስ የለበትም ነው። ቃል በቃል ባልጠቅሰውም ሐሳቡ ይሄ ነው፣ ሕጉን አውጥታችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ለአባትሽ ስጪው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ የአንቺን ግድግዳና መስኮት ያየ ነው የሚመስለው፣ ድምፅም ጭስም ንዝረትም በአንድ አንቀጽ።

ከዛ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። እሱ የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል፣ በወጣው መመሪያ ደረጃ መሠረት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቀን 55 ዴሲቤል ሌሊት 45 ነው፣ የንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ኢንዱስትሪ 75 እና 70። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ በዚህ ደረጃ ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ከሩብ ቀን ነው የሚባለው፣ ሌሊት ረበሹን ብለሽ ብትጽፊ ያንን ይዘው ይጥሉሻል። በቀኑ 55 ነው መከራከር ያለብሽ፣ እሱም ይበቃሻል። ለምን ብትይ ማሽኑ በ15 ሜትር 75 ዴሲቤል የሚያወጣ ቢሆን ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ገደማ ነው የሚቀንሰው፣ በ30 ሜትር 69፣ በ60 ሜትር 63፣ በ120 ሜትር 57። አጥር የምትጋሩ ከሆነ ከ55 በታች የሚወርድበት መንገድ አይታየኝም። በስልክ አፕ ለክታችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ፍርድ ቤት እንደ ሙሉ ማስረጃ ባይወስደውም ባለሙያ መጥቶ ይለካ ለማለት መነሻ ይሆናል።

የዚህ አዋጅ ትልቁ ጥቅም አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ወይም መልሱ ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቀሪ ያዙ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዛ ነው። ደብተር ያዢ፣ በየቀኑ ስንት ሰዓት ተነሳ ስንት ሰዓት ቆመ ብለሽ ጻፊ፣ ሌሎች ጎረቤቶችም ይፈርሙ።

ቀበሌ 18 ላልከው ወንድሜ፣ ያንተም ጀነሬተርና ሞንታርቦ በዚሁ አንቀጽ ነው የሚታየው። አንዱ ሲጀመር ሌላውም መንገድ ያገኛል። የከተማው ምክር ቤት ለሁሉም የሚሆን ደንብ ቢያወጣ እኔ ከፊት ነው የምሰለፈው፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን እንዳለው ግን ደንብ አስከባሪው በሰዓቱና በዓይኑ የሚቆጣጠረው መሆን አለበት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 በኋላ፣ እሁድና በዓል ቀን መኖሪያ ሰፈር ውስጥ በሞተር የሚሠራ የጽዳት ማሽን አይነሳም፣ ተጠያቂው የግቢው ባለቤት ነው፣ ለሠራተኛው የጆሮና የዓይን መከላከያ ያቀርባል። አጭር ነው ማንም ይረዳዋል። በሦስት ገጽ ዴሲቤል የተሞላ ደንብ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።

ቀበሌ 18፦

እንዲህ ከሆነማ ይገባኛል። ጀነሬተሩንም የሚጨምር ከሆነ እኔም እፈርማለሁ፣ የምሬን ነው። ሴትየዋን ለማቃለል አልነበረም እታለም፣ አትቀየሚኝ።

አትክልት ሠራተኛ፦

ልጆቼ እኔም ልናገር። እዚሁ ጎንደር ከተለያዩ ግቢዎች ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ሽማግሌ ነኝ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ያንን ማሽን ሁለት ዓመት ይዣለሁ፣ የምናገረው የማውቀውን ነው።

ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ደህና ነው፣ ቅጠሉን ጠርጎ ጥግ ያስይዝልሃል፣ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በአርባ ደቂቃ ያወጣዋል፣ ባለቤቶቹ የሚወዱትም ለዚህ ነው። ለአትክልት ግን ጠላት ነው። በእኛ አገር ከኅዳር እስከ ግንቦት አፈሩ ደርቆ ዱቄት ነው፣ የጽጌረዳው ሥር ላይ ስትነፋበት ያንን ላዩን ጥቁሩን አፈር ነው ይዞት የሚሄደው፣ ፍሬያማው እሱ ነው። እኔ በሠራሁበት ግቢ በሁለተኛው ዓመት ጽጌረዳው ሥሩ እንደ ጅማት ወጥቶ ታየ፣ ከዛ ደረቀ። ያ ሲኒ ላይ ያያችሁት ቀይ አፈር የእነሱ ሀብት ነው የተነነው፣ ይሄን ለባለቤቱ ንገሩት፣ ከሕጉ በፊት ይሄ ይገባዋል። ጃካራንዳ አለ አላችሁ፣ ሚያዝያ ላይ አበባው ሲረግፍ መሬት ላይ እንደ ሙጫ ነው የሚጣበቀው፣ ማሽኑ አያነሳውም፣ ያኔ መጥረጊያ መጥራታቸው አይቀርም። ክረምት ላይም እርጥብ ቅጠል አያነሳም። ስለዚህ የሚያገለግለው በበጋ ብቻ ነው፣ በበጋ ደግሞ አቧራ ነው።

እንዲህ አድርጉ በሏቸው። መጀመሪያ ውሃ ያርከፍክፉ፣ ብዙ አይደለም አቧራው እስኪተኛ ብቻ። የሣሩን ቅጠል ረጅም እጀታ ባለው ጣት ጣት ባለው መሰብሰቢያ ይሰብስቡት፣ ድምፅ የለውም። ማሽኑን ለመኪና ማቆሚያው ብቻ ይያዙት፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንግዶቹ ቁርስ በልተው ከወጡ በኋላ፣ 4 ሰዓት ላይ። ነዳጅ መስጫውንም ልጁ እስከ መጨረሻ አይጫነው፣ በግማሽ ለደረቅ ቅጠል ይበቃል፣ ጩኸቱም ጭሱም ይቀንሳል፣ ግን ማንም አላሳየውም ይሆናል፣ እኔንም ማንም አላሳየኝም ነበር። የተሰበሰበውን ደግሞ እንዳያቃጥሉት፣ የጃካራንዳው ቅጠል ደቃቅ ነው፣ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ እያጠጡ ቢያገላብጡት ለመጪው ክረምት ኮምፖስት ይሆናል፣ ያ የተነነውን አፈር ይተካላቸዋል። የጽዱ ግን ቶሎ አይበሰብስም ለብቻው ያድርጉት።

እነዚያ ሁለት ሴቶችስ የት ሄዱ? ማንም አልጠየቀም። ማሽኑ ሲመጣ በብዙ ግቢ እንደዛ ነው የሆነው፣ ቀድመው የሚወጡት ጠራጊዎቹ ናቸው። ቅጠል ጠርገው ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው።

ጎንደሬው ከሜሪላንድ፦

አባቴ ዕድሜ ይስጥዎት፣ እኔ ስድስት ዓመት ተሸክሜው በግማሽ መያዝ እንደሚበቃ የነገሩኝ በአራተኛው ዓመት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ማሽኑን ጨርሰው ካልተውት በባትሪ ይቀይሩት በሏቸው። መብራት ይጠፋል ይሏችኋል፣ እውነት ነው፣ ግን ባትሪው መብራት ባለበት ሰዓት ሞልቶ ይቀመጣል፣ ቤንዚን ደግሞ በሰልፍ ነው የሚገኘው። እዛው ያሉ ዘመዶች ዋጋውን ቢያጣሩ ጥሩ ነው፣ እዚህ ርካሽ አይደለም፣ አልደብቃችሁም። ለልጁ ደግሞ እኔ የጆሮ መከላከያ ሁለት ሦስት በሚመጣ ሰው እልካለሁ፣ ለጥምቀት የሚመጣ ጓደኛ አለኝ።

የማራኪዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያለፉትን ስድስት ቀናት ዝም ያልኩት ያላችሁኝን እያደረግኩ ስለነበረ ነው። አንቀጽ 1225ን ኮፒ አድርገን፣ ደብተሩን ይዘን፣ ከሰባት ጎረቤት ፊርማ ጋር አባቴና እኔ እንደገና ሄድን። አባቴ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አላወጣም፣ ስለ ጽጌረዳው ነው የጀመረው፣ አባ እንዳሉት። ኃላፊው ተነስቶ ወጣና አጥሩ ሥር ያለውን አየ፣ እውነትም ሥሩ ወጥቷል፣ ቆፈር ቆፈር አድርጎ ዝም አለ። ከዛ ነው ሕጉን ያሳየነው፣ አንብቦ አንብቦ ፎቶ አነሳው ባለቤቱ ጋር ለመላክ።

እስካሁን ያገኘነው ይሄ ነው፣ ሰዓቱ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ተገፍቷል፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። በየቀኑ መሆኑ ግን አልቀረም፣ ቤንዚኑም ያው ነው፣ ስለ ባትሪው ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንነጋገራለን ብሏል። ስለ ሴቶቹ ጠየቅኩት፣ አንዷ ወደ ደባርቅ ሄዳለች፣ ሌላዋ እዚሁ ናት ሥራ የላትም፣ ስልኳን ተቀብያለሁ። ለአካባቢ ጥበቃው ማመልከቻውን ለማንኛውም አስገብተናል፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስደርገናል፣ ቀበሌ 18 ያልከው ወንድሜ የአንተን ሰፈር ጀነሬተር በሌላ ወረቀት አድርገህ አስገባ፣ አንድ ላይ ከሆነ ለከተማው ምክር ቤት ማቅረብ ይቀላል ብለውናል። ጠበቃው፣ ያቺን አጭሯን የደንብ ሐሳብ በሥርዓቱ ጽፈህ ብትልክልኝ አባሪ አደርጋታለሁ።

ልጁን አነጋገርኩት። ከላይ አርማጭሆ ነው የመጣው፣ ማታ ማታ ይማራል፣ መምህሩ የሚናገረው በደንብ እንደማይሰማውና ፊት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። በግማሽ ስለመያዝ ስነግረው እንዴት እንደሆነ አላወቀም። አባ፣ እርስዎ ቢያሳዩት ምን ይመስልዎታል?

አትክልት ሠራተኛ፦

እመጣለሁ እንጂ ልጄ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የለኝም፣ ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ የኮምፖስቱንም ጉድጓድ የት እንደሚቆፍር አሳየዋለሁ። ያቺ ሴትዮም ትምጣ፣ ጣት ጣት ያለው መሰብሰቢያ ሁለት ነው ያለኝ አንዱን ይዤላት እመጣለሁ። ልጁን ቅዳሜ እስክመጣ ድረስ ጥጥ እንኳ ጆሮው ላይ ያድርግ በይው፣ ጥጥ ብዙ አይከለክልም ግን ያ ከሜሪላንድ የሚመጣው እስኪደርስ።